የበግ ጎድን ሾርባ በዝኩኒ፦ የቻይናው ዶንግ ጓ ሾርባ በደብረ ብርሃን ድስት

ቻይናዎች «ዶንግ ጓ ፓይጉ ታንግ» በሚሉት ሾርባ ውስጥ የሚገባው ነገር በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል፦ የአሳማ ጎድን፣ ዶንግ ጓ የሚባለው የዱባ ዘመድ፣ ዝንጅብል፣ ለጋ ሽንኩርት ከነቅጠሉና ጨው። ቁሌት የለው፣ ዘይት የለው፣ በርበሬ አይነካው። ወጥ ለለመደ ሰው ጎዶሎ ይመስላል። የሚሸፍነው ቅመም ስለሌለ ግን አጥንቱ በወጉ ካልታጠበ፣ እሳቱ ከበዛ ወይም ጨው ከቀደመ ጥፋቱ ወዲያው ምላስ ላይ ይታወቃል። ስለዚህ ቀላል ቢመስልም የሚሠራው በጥንቃቄ ነው።

አሳማው በሰሜን ሸዋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት አይገባም። መፍትሔው ግን እዚያው ቻይና አለ። ሁዊ የሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች አሳማ ስለማይበሉ ዶንግ ጓውን በበግ ሥጋ ይሠሩታል፤ በቤጂንግም የበግና የዶንግ ጓ ሾርባ የታወቀ የቤት ምግብ ነው። ለደጋው ሰው፣ በተለይ የመንዝ በግ ደጁ ላለ ሰው፣ ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው።

ከቅቅል የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ቅቅል ሲሠራ ሥጋው፣ ሽንኩርቱ፣ እርዱና ቃሪያው አብረው ይጣዳሉ። እዚህ ግን አጥንቱ አንድ ጊዜ ፈልቶ የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል፤ አትክልቱ ደግሞ የሚገባው ሥጋው በስሎ ካለቀ በኋላ ነው።

ዶንግ ጓው በምን ይተካ?

«ዶንግ» ብርዱ ወራት ማለት ነው፤ የእኛን ዝናባማ ክረምት አይደለም። ተክሉ የሚደርሰው በሙቀቱ ወቅት ቢሆንም ቆዳው ላይ ውርጭ የመሰለ ነጭ ሰም ስለሚያወጣ ሳይበላሽ ለወራት ተቀምጦ ብርዱን ይሻገራል። ሥጋው ነጭ ነው፣ 96 በመቶው ውሃ ነው፣ የራሱ ጣዕም እምብዛም የለውም። ዋጋውም እዚህ ላይ ነው፤ መረቁን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፣ ሲበስልም ዳርና ዳሩ እንደ መስታወት ያሳልፋል።

በደብረ ብርሃን ገበያ ዶንግ ጓ ተብሎ የሚሸጥ ነገር የለም። የሚቀርበው ዝኩኒ ነው፤ ግን ለጋው አይደለም። ገዢ የሚንቀው፣ እንደ ክንድ የወፈረ፣ ቆዳው ጥፍር የማያስገባው ያረጀ ዝኩኒ ይሻላል። ለጋው በሦስት ደቂቃ ይሟሟል፤ ያረጀው ግን ቆዳው ተልጦ፣ መሐሉ ያለው ፍሬና ስፖንጅ የመሰለው ክፍል በማንኪያ ተፍቆ ሲወጣ ጠንከር ያለ ነጭ ሥጋ ይተርፋል። ከቆላ፣ ከሸዋሮቢት በኩል የሚመጣ ያልበሰለ አረንጓዴ ፓፓያም ይሆናል። የቻይና ደቡብ ሰዎች ራሳቸው በጎድን አጥንት ይሠሩታል። ፓፓያው ሲላጥ የሚያወጣው ወተት እጅ ስለሚያሳክክ ከተቆረጠ በኋላ 10 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። ለነፍሰ ጡር ሴት የሚሠራ ከሆነ ያልበሰለ ፓፓያ ባይገባበት ይመረጣል።

ዱባ ጣፋጭ ስለሆነ ሾርባውን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። መጥፎ አይደለም፤ ግን ያኔ የዱባ ሾርባ ነው እንጂ ይህ አይደለም።

ቅልን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አለ። ለጋ የሆነ የሚበላ ቅል በእስያ ለሾርባ ይውላል፤ እኛ ዘንድ ለዕቃ የሚዘራው ግን ብዙውን ጊዜ መራራ ነው። ምሬቱን የሚያመጣው ንጥረ ነገር ኃይለኛ ማስታወክና ተቅማጥ ያስከትላል፤ በመፍላትም አይጠፋም። ዝኩኒም ቢሆን አልፎ አልፎ መራራ ይወጣል። ስለዚህ ማንኛውንም የዱባ ዘመድ ድስት ውስጥ ከመጨመርዎ በፊት ትንሽ ቆርጠው ምላስዎን ያስነኩ። ከመረረ ይጣላል፤ በጨው ወይም በስኳር ሊያስተካክሉት አይሞክሩ።

ሥጋውና ሌላው

ለስድስት ሰው የሚበቃው ይህ ነው። የበግ ጎድን 1 ኪሎ፣ ቢቻል ከዚያ ውስጥ አንድ ሁለቱ ቅልጥም ቢሆን መረቁን ያወፍረዋል። ያረጀ ዝኩኒ 1 ኪሎ፤ ተልጦና ፍሬው ወጥቶ ወደ 700 ግራም ይቀራል። ዝንጅብል 40 ግራም፣ የአውራ ጣት ወፍራም ሁለት ቁራጭ ማለት ነው። ባሮ ሽንኩርት ሁለት፣ ጨው 12 ግራም (ሁለት የሻይ ማንኪያ ልክ)፣ አዲስ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ለላዩ የድንብላል ቅጠል። ውሃ ለማጠቢያው ሳይቆጠር 3 ሊትር።

ቻይናዎች ለአሳማው ትንሽ ዝንጅብል ይበቃዋል ይላሉ፤ ለበግ ግን እጥፍ ያደርጉታል። የበግን ጠረን «ሻን» ብለው ለብቻው ስም ሰጥተውታል። ጠረኑ የሚቀመጠው ስቡ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከጎድኑ ላይ ወፍራሙን ስብ አስቀድመው ይግፈፉ፤ ላት ደግሞ ፈጽሞ አይግባበት። የጎድኑ ሽፋን ላይ ያለችውን ስስ ስብ ግን ይተዋት፣ ጣዕም የምትሰጠው እሷ ናት።

በጉ በታረደበት ዕለት አይሥሩት። ገና የደረቀ ጡንቻ ቢቀቀልም እንደ ጎማ ይሆናል፤ በማግስቱ ይላላል። በደጋው በአብዛኛው በግ የሚታረደው ለበዓል ስለሆነ ይህ ሾርባ የሚመቸው ጥብሱና ወጡ አልፎ ጎድኑ ሲቀር ነው። በግ ካልተገኘ የበሬ ጎድን በዚሁ ልክ ይሆናል፤ ጊዜው ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጨምራል።

ገብስ የሚጨምርም አለ። ቻይናዎች «ኢ ሚ» የሚሉትን ነጭ እህል ከዶንግ ጓ ጋር ማብሰል ያዘወትራሉ፤ አንዳንዱም አስቀድሞ በደረቁ ያምሰዋል። ኢ ሚ ገብስ አይደለም፣ ሲበስል ግን አፍ ላይ ይመስለዋል። የመንዝ ፍትግ ገብስ 80 ግራም፣ አንድ ጭብጥ ሙሉ፣ በምጣድ ላይ ሽታው እስኪወጣ ብቻ አመስ አድርገው ቢጨምሩ ጥሩ ይሆናል። ቆሎ እስኪሆን አይቁሉት፤ ከጠቆረ መረቁን መራራ ያደርገዋል። ገብስ ከገባ መረቁ ይደፈርሳል፣ ውሃም ይጠጣል፣ ስለዚህ ግማሽ ሊትር ይጨምሩ። ጥርት ያለ መረቅ የሚወድ ሰው ገብሱን ይተወው።

ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ ሥጋው ዘግይቶ ይበስላል

ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የተወሰደ የምግብ አሠራር ደጋ ላይ የሚከሽፈው እዚህ ጋ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ሸዋሮቢት ላይ ወደ 96 ይጠጋል። ድስቱ ሲንተከተክ አይተው «በቃ ፈልቷል» ቢሉም ሥጋው ያገኘው ሙቀት ያነሰ ነው፤ እሳት ቢጨምሩም ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። አጥንትና ሥጋን አጣብቆ የያዘው ጅማት ቀልጦ መረቁን የሚያወፍረው ከጊዜና ከሙቀት ጋር ነውና፣ ሙቀቱ ከቀነሰ ጊዜው ይረዝማል።

በቻይና ቆላማ ከተሞች አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ የሚፈጀው ደብረ ብርሃን ላይ ለወጣት በግ ሁለት ሰዓት፣ ላረጀ በግ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። እሱም ቢሆን መመሪያው ላይ ከተጻፈው በሩብ እስከ ሲሶ ይጨመርበት፤ የተጻፈው ለቆላ አገር ነው።

አሠራሩ

ጎድኑን በሁለት አጥንት መሐል እየከፈሉ እንደ ጣት ርዝመት ያስቆርጡት። ፋስ አጥንቱን ሰባብሮ ስንጥር ስለሚጥል በመጋዝ ቢሆን ይመረጣል፤ በፋስ ከሆነ አንድ በአንድ እያጠቡ በጣት ይዳስሱት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። ውሃው ሲቀላ አንዴ ይቀይሩት።

አሁን ሥጋውን ድስት ውስጥ አድርገው ቀዝቃዛ ውሃ እስኪሸፍነው ይጨምሩና ከዝንጅብሉ ሩቡን ጥለው ይጣዱት። ከመጀመሪያው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የፈላ ውሃ ላይ ከተጨመረ የሥጋው ላይ ወዲያው ይጨብጥና ውስጡ ያለው ደም ታስሮ ይቀራል፤ ኋላ ሾርባው ውስጥ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ውሃው ሲሞቅ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ እንደ ጭቃ ውሃ የደፈረሰ ቡናማ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል። ከፈላ በኋላ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ውሃው ሁሉ ይደፋ።

መረቅ መድፋት አንጀት አይችለውም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያመነታል። በ5 ደቂቃ ውስጥ የወጣው ግን የደም ቅሪትና አረፋ ነው። ሾርባን ሾርባ የሚያደርገው ነገር ገና አጥንቱ ላይ እንዳለ ነው።

እያንዳንዱን ቁራጭ ለብ ባለ ውሃ ይጠቡት፤ የጠዋት የቧንቧ ውሃ ሥጋውን ያኮማትረዋል። ድስቱንም ዳር ዳሩን ይጠቡት፣ አረፋው እዚያ ተጣብቋል። ሥጋውን መልሰው 3 ሊትር የሞቀ ውሃ ይጨምሩበት። የቀረውን ዝንጅብል በቢላ ጎን ወይም በሙቀጫ ዘነዘና አንዴ ጨፍልቀው፣ የባሮ ሽንኩርቱን ነጭ ክፍል ሳይከትፉ ከሁለት ቆርጠው ይጣሉበት። ገብስ ካለ አሁን ይግባ።

አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱ መውረድ አለበት። በኤሌክትሪክ ምድጃ ዝቅተኛው ላይ፣ በከሰል ከሆነ ደግሞ ፍሙን አመድ አልብሰው። የሚፈለገው ከድስቱ ሥር ሁለት ሦስት ፊኛ ብቅ እያለ፣ ላዩ ትንሽ እየተንቀሳቀሰ መቆየቱ ነው። ከተንተከተከ ስቡ ከውሃው ጋር ተመታትቶ ወተት ይመስላል፣ ኋላም ሊገፈፍ አይችልም። ክዳኑን ገርበብ ያድርጉት። ማማሰል አያስፈልግም፤ ገብስ ከገባ ብቻ በየ20 ደቂቃው ሥሩን ነካ ያድርጉት፣ አለዚያ ይያዛል። ውሃው ካነሰ የሚጨመረው የፈላ ውሃ ነው።

ሥጋው ከአጥንቱ ጫፍ የጥፍር ያህል ሸሽቶ ሲያዩና በሹካ ሲወጉት ሳይታገል ሲለቅ ደርሷል። ድስቱን አውርደው 5 ደቂቃ ያሳርፉት። ስቡ ላዩ ላይ ወርቃማ ሆኖ ሲሰበሰብ በጭልፋ ጀርባ ወደ አንድ ጥግ እየገፉ ይቅዱት። ሁሉን አይጨርሱት፤ ጥቂት የዘይት ዓይን ላዩ ላይ መቅረት አለበት።

ዝኩኒውን 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርገው ይቁረጡት፤ ከዚያ ካነሰ ይፈርሳል። መልሰው ጥደው ሲፈላ ይጨምሩት። ያረጀ ዝኩኒ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ አረንጓዴ ፓፓያ ወደ 25፣ ዶንግ ጓው ራሱ ቢገኝ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ዳሩ ብርሃን ሲያሳልፍና መሐሉ ገና ነጭ ነጥብ ሲኖረው ይውጣ፤ የቀረውን በድስቱ ሙቀት ይጨርሳል።

ጨውና ቁንዶ በርበሬ ሊወርድ 2 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ጨው ቀድሞ ከገባ ሥጋው ይደርቃል የሚል አባባል አለ፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ውሃው ይተናል፣ ጨው አይተንም፤ መጀመሪያ ልክ የነበረው መጨረሻ ላይ ይበዛል። ዝኩኒውንም ጨው ውሃውን አስወጥቶ ያልፈሰፍሰዋል።

ለማቅረብ ሳህኑን አስቀድመው በፈላ ውሃ ያሙቁት። ይህ ለአሳማ ብዙም አያስፈልግ ይሆናል፣ ለበግ ግን ግድ ነው። የበግ ስብ ለመቅለጥ ከሰውነታችን ሙቀት የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። በቀዝቃዛ የሸክላ ሳህን የተቀዳ ሾርባ ደጋ ላይ ገና ግማሹ ሳይጠጣ በሳህኑ ዳር ነጭ ቀለበት ይሠራል፣ ላንቃም ላይ ይለጠፋል። እንግዳ ሾርባውን «ስብ በዛበት» ብሎ የሚተወው ብዙ ጊዜ ስቡ በዝቶ ሳይሆን ሳህኑ በርዶ ነው።

ሲበላሽ

መረቁ ግራጫና ደፍራሳ ከሆነ የመጀመሪያው ውሃ አልተደፋም፣ ወይም እሳቱ በዝቶ ነበር። ሥጋውን አውጥተው መረቁን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቢያጠሉት ግማሽ ያህል ይድናል። ጠረኑ ካስቸገረ ዝንጅብል አሁን መጨመር ብዙ አይረዳም፤ ስቡን ይግፈፉ፣ ድንብላልና ቁንዶ በርበሬ ይጨምሩ። ሁለት ሰዓት ሞልቶ ሥጋው አሁንም ከጠነከረ በጉ አርጅቷል ማለት ነው፤ ዝኩኒው ሳይገባ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይስጡት። ዝኩኒው ከገባ በኋላ ከታወቀ ግን ዝኩኒውን በጭልፋ አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡት፤ ለሥጋው ሲባል አብሮ ከቆየ ገንፎ ይሆናል። ጨው ከበዛ የፈላ ውሃና ጥቂት ዝኩኒ ከመጨመር ሌላ መላ የለውም።

ሰውነት ምን ያገኝበታል?

በመጀመሪያ ስለ አጥንት። የተሰበረ ሰው፣ አራስም ቢሆን፣ መረቅ ይጠጣ የሚለው ልማድ እኛም ቻይናም ዘንድ አለ። መረቁ ሙቀትና ፈሳሽ ይሰጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ካልሲየሙ ግን አጥንቱን ትቶ ወደ ውሃው እምብዛም አይወጣም፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ሚሊ ግራም ሲይዝ የአጥንት መረቅ ከዚያ አጠገብ አይደርስም። ፕሮቲኑም ቢሆን አብዛኛው ሥጋው ውስጥ ነው የሚቀረው። 100 ግራም የበሰለ ቀይ የበግ ሥጋ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ለታመመው መረቁን ሰጥቶ ሥጋውን ሌላው መብላቱ ለታመመው አይበጅም፤ ሥጋውን አላልቶ፣ ፈትፍቶ ማጉረስ ነው።

በአሳማውና በበጉ መካከል ልዩነት አለ። አሳማ በቫይታሚን ቢ1 ከበግ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በግ በበኩሉ ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ቢ12 በብዛት አለው። እንጀራ፣ ባቄላና ገብስ ቢ1 ስለሚሰጡ የደጋ ማዕድ ላይ ጉድለቱ አይሰማም።

ዝኩኒ በ100 ግራም 17 ካሎሪ፣ ዶንግ ጓ 13 ካሎሪ ብቻ አላቸው። ሁለቱም ጥቂት ቫይታሚን ሲ አላቸው፤ እሱ ደግሞ በሙቀት የሚጠፋ ስለሆነ ዘግይተው መጨመራቸው ለቅርጻቸው ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠቅማል። የሾርባውን ካሎሪ የሚወስነው ስቡ ነው፤ ከላይ የተቀዳ እያንዳንዱ የሾርባ ማንኪያ ስብ ወደ 115 ካሎሪ ይቀንሳል። የገብሱ ቃጫ ኮሌስትሮልን በመቀነስ የታወቀ ነው።

በቻይና ባህላዊ ሕክምና አስተሳሰብ ዶንግ ጓ «ቀዝቃዛ» ነው፤ ሽንት ያበዛል፣ እብጠት ያወርዳል ይሉታል፤ በግ ደግሞ «ሞቃት» ስለሆነ የብርድ ምግብ ነው። ይህ የቴርሞሜትር ቅዝቃዜ አይደለም፣ ምግብን የሚመድቡበት ልማድ ነው። በዚያ ምደባ ሁለቱ አንድ ድስት ውስጥ መግባታቸው መመዛዘን ነው፤ በኅዳር ውርጭ ለሚጠጣው ዝንጅብሉ መብዛቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ሪህ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ የሥጋ መረቅ ሪህ የሚያስነሣውን ፒዩሪን ከሥጋው ወደ ውሃው ያወጣል፤ ለእሱ የሚሻለው መረቁን ትቶ ዝኩኒውንና ጥቂት ሥጋ መብላት ነው። ደም ግፊት ላለበት ደግሞ ጨዉ ይታይ። ከላይ የተሰጠው 12 ግራም ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 2 ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል፣ እንጀራና ወጡም ገና አልተቆጠረም።

የተረፈውና የጾሙ

የተረፈውን ዝኩኒ ለብቻው፣ መረቁን ለብቻው ያስቀምጡ። በደብረ ብርሃን ሌሊት ብርድ ላይ ተከድኖ ያደረ መረቅ ጠዋት ላዩ ሰም መስሎ ይረጋል፤ ያን ጊዜ ስቡን እንደ ክዳን በማንኪያ ማንሣት ይቻላል። ያለ ፍሪጅ ከአንድ ሌሊት በላይ አይቆይ፤ ፍሪጅ ካለ እስከ 3 ቀን። ሲሞቅ ለብ ማድረግ ሳይሆን በደንብ መንፈቅፈቅ አለበት።

ለረቡዕና ለዓርብ፣ ለዐቢይ ጾምም፣ በሥጋው ፋንታ ማሾ ይሆናል። ከቀወት ቆላ የሚወጣው ማሾ ቻይናዎችም ለሾርባ የሚያዘወትሩት ጥራጥሬ ነው። 200 ግራም ማሾ አንድ ሌሊት ዘፍዝፈው በ2 ሊትር ውሃ ከዝንጅብል ጋር ይጣዱት፤ ደጋ ላይ ወደ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ፍሬው መሰንጠቅ ሲጀምር ዝኩኒው ይገባል፣ ጨው እንደ በፊቱ መጨረሻ ላይ። ስብ ስለሌለው ሲወርድ አንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፤ የሰሊጡ ለቻይናው ጣዕም ይቀርባል።